በረዶ ወይስ እርጥብ ጆንያ? የሐይቅ ዓሣ እስኪጸዳ ድረስ

ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው በሐይቅ ከተማ የተገዛ ቆሮሶ (ቲላፒያ የሚባለው ዓሣ) ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ደርሶ ሆዱ እስኪከፈት የሚቆየው በእርጥብ ጆንያ ተጠቅልሎ ወይም በበረዶ ተሸፍኖ ነው።

ጆንያው ወጪ የለውም፤ ውኃው ሲተን ከዓሣው ሙቀት ስለሚወስድ፣ ጥላና ነፋስ ባለበት በጥቂት ዲግሪዎች ያቀዘቅዛል። ለአጭር የማለዳ ጉዞ ይበቃል እላለሁ። ሆኖም በደጋማዋ ደሴ የሚረዳው ጆንያ ዝቅ ብላ በምትገኘው በሞቃታማዋ ኮምቦልቻ በቀትር አያስተማምንም፤ ከደረቀ ወይም በላስቲክ ከታፈነ ደግሞ ጥቅሙ ይቀራል።

በረዶ ዋጋ ቢያስወጣም ብልጫው ግልጽ ነው። እየቀለጠ ያለ በረዶ ዓሣውን ወደ 0 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ስለሚያቀርበው፣ የባክቴሪያዎች መራባትም ሆነ የሆድ ዕቃው ኢንዛይሞች ሥጋውን የሚያፈርሱበት ፍጥነት በእጅጉ ይቀንሳል። በሙቀት ጊዜ ለ1 ኪሎ ዓሣ 1 ኪሎ ያህል የተሰባበረ በረዶ ያስፈልጋል፤ እሱም ከላይ ብቻ ሳይነሰነስ ከሥርም ከመካከልም ይደረደራል። ብዙ ሰው የሚዘነጋውና እኔን እጅግ የሚያሳስበኝ ዓሣውና በረዶው የሚቀመጡበት ዕቃ ከሥሩ የሚኖረው ቀዳዳ ነው፤ ደምና ልጋግ የያዘው የቀለጠ ውኃ መውጫ ካጣ፣ ከታች ያለው ዓሣ በዚያው ውስጥ ተዘፍዝፎ ይለሰልሳል።