ቁርጥራጭ ፍሰት፣ ቀጥተኛ ፍሰት ወይስ ብልቃጥ? ለጎጃም ቤተ ሙከራዎች የግዢ ንጽጽር

በባሕር ዳር፣ በደብረ ማርቆስ ወይም በእንጅባራ ለኬሚስትሪ ቤተ ሙከራ ዕቃ የሚመርጥ ሰው ከዋጋው በፊት አንድ ነገር ይጠይቅ፦ ሪአክሽኑ መሃል ላይ ጠጣር ይወጣል ወይ? ከወጣ የቁርጥራጭ ፍሰት ሪአክተር (ፈሳሹ በቀጭን ቱቦ ውስጥ ተቆራርጦ የሚጓዝበት) ገንዘቡን ይመልሳል። ሁሉም ነገር ሟምቶ የሚቆይ ከሆነ ግን ቀጥተኛው፣ ማለትም ሳይቆራረጥ በቱቦው የሚሄደው ፍሰት ይበቃል፤ ትርፍ ፓምፕ አትግዙ።

ልዩነቱ ቱቦው ውስጥ ነው። በቀጥተኛ ፍሰት መሃሉ ይፈጥናል፣ ግድግዳ አጠገብ ያለው ይዘገያል። የብር ናኖፓርቲክል (እጅግ ደቃቅ የብር ቅንጣት) ሲሠራ ቶሎ የወጣውና የዘገየው መጠናቸው ይለያያል፤ ብሩም ግድግዳው ላይ እየተለጠፈ ቱቦውን ያጠብበዋል፣ ግፊቱ ይጨምራል፣ በመጨረሻ ይዘጋል። በቁርጥራጭ ፍሰት ከሪአክሽኑ ጋር የማይቀላቀል ተሸካሚ ፈሳሽ ገብቶ ይቆራርጠዋል። እያንዳንዱ ቁራጭ በተሸካሚው ስስ ሽፋን ተከቦ ስለሚጓዝ ግድግዳውን አይነካም፤ በውስጡ እየተሽከረከረ ይቀላቀላል፤ ሁሉም ተቀራራቢ ጊዜ ይቆያል።

ብልቃጥና ማግኔት ማማሰያ ርካሽ ነው፤ አልፎ አልፎ 50 ሚሊ ሊትር ለሚሠራ ሌላ አያስፈልገውም። መጠኑ ሲያድግ ግን ሙቀት ማውጣቱ ይከብዳል።

ወጪው የሚታየው እዚህ ላይ ነው። የውስጥ ስፋቱ 0.8 ሚሊ ሜትር የሆነ የፒኤፍኤ (ውሃ የማይወድ ፕላስቲክ) ቱቦ በአንድ ሜትር 0.5 ሚሊ ሊትር ያህል ይይዛል፤ 20 ሜትር ማለት 10 ሚሊ ሊትር ነው። ሪአክሽኑ በደቂቃ 0.5 ሚሊ ሊትር ብቻውን ቢሄድ 20 ደቂቃ ይቆያል። እኩል ተሸካሚ ሲጨመርበት ቆይታው 10 ደቂቃ ይሆናል። ያንኑ 20 ደቂቃ ከፈለጋችሁ ቱቦውን እጥፍ ግዙ። ሁለት ግብዓት ካላችሁ ሦስት ሲሪንጅ ፓምፕ ያስፈልጋል። ግብዓቶቹ ተሸካሚው ሳይደርስ ከተገናኙ ጠጣሩ መገናኛው ላይ ወጥቶ ይዘጋዋል፤ ስለዚህ ሦስቱም በአራት አፍ ማገናኛ አንድ ቦታ ይገናኙ።

ለውሃማ ሪአክሽን ጥሩ ተሸካሚ ፐርፍሎሮዴካሊን የተባለው ከውሃ ጋር የማይቀላቀል ፈሳሽ ነው። ውድ ቢሆንም አይጠፋም፤ በሚሊ ሊትር 1.9 ግራም ስለሚመዝን በመለያ ማንቆርቆሪያ ከታች ይሰበሰባል። የመስታወት ቱቦ ግን አታጣምሩበት፤ መስታወት ውሃ ስለሚወድ ሽፋኑ ይፈርሳል። ናይትሮጅን ጋዝ ርካሽ ተሸካሚ ነው፤ ቢሆንም ጋዝ ግፊቱ ሲቀንስ ስለሚሰፋ ቆይታው ይዛባል፣ ግድግዳውንም እንደ ፈሳሹ ተሸካሚ አይጠብቅም።

ኑግ በሚበዛበት አካባቢ ባዮዲዝል (ከዘይት የሚሠራ ነዳጅ) መሥራት ለሚፈልግ ተሸካሚ እንኳ አያስፈልግም፤ ሜታኖልና ዘይት ራሳቸው ስለማይቀላቀሉ ይቆራረጣሉ። የተለመደው አሠራር ለ1 ሞል ዘይት 6 ሞል ሜታኖል፣ የዘይቱን ክብደት 1 በመቶ ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ፣ 60 ዲግሪ ነው። ደብረ ማርቆስ ከፍታው 2,400 ሜትር ገደማ ስለሆነ ሜታኖል በ58 ዲግሪ ግድም ይፈላል፤ ክፍት ብልቃጥ 60 አይደርስም። ቱቦው መውጫ ላይ 1 ባር ትርፍ ግፊት ከተሰጠው አረፋ ሳይፈጥር ይደርሳል። ያልተጣራ ዘይት ነጻ የስብ አሲዱ ከበዛ ሳሙና ይሠራል፤ ቁራጮቹም ወደ አንድ ነጭ ዝልግልግ ይለወጣሉ። አስቀድማችሁ አሲዱን ለኩ።

ጠጣር ባለበት ግን ትርፍ ግፊቱን ለመስጠት የግፊት መቆጣጠሪያ ቫልቭ አትግዙ፤ ቅንጣቱ ይዘጋዋል። በናይትሮጅን ግፊት የተሰጠው መቀበያ ጠርሙስ ይሻላል። መብራት ሲጠፋ ቁራጮቹ ቆመው እርስ በርስ ይቀላቀላሉ፣ ጠጣሩም ይረጋል፤ ስለዚህ ዩፒኤሱ (መብራት ሲጠፋ ኃይል የሚሰጠው መጠባበቂያ ባትሪ) ለፓምፖቹ ከመጀመሪያው ዝርዝር ውስጥ ይግባ።