ለአዳማ ገዢ፦ ዲኤክስ በ4ኬ፣ በ5ኬ ወይስ በ4ኤ-ጂኢ ሞተር?

አዳማ ውስጥ በኋላ ጎማ የሚነዳ ኮሮላ ዲኤክስ፣ ማለትም ኬኢ70፣ የሚፈልግ ሰው ሦስት ዓይነት መኪና ሊቀርብለት ይችላል። አንዱ ከፋብሪካ የወጣበትን 1,290 ሲሲ 4ኬ ሞተር እንደያዘ የቆየ ነው። ሁለተኛው ከላይትኤስ ቫን በወረደ 1,486 ሲሲ 5ኬ የተተካ ነው። ሦስተኛው የስፖርት ኮሮላው የኤኢ86 ሞተር፣ ባለ16 ቫልቩ 1,587 ሲሲ 4ኤ-ጂኢ የገባበት ነው። ወሬው ሁሉ ሦስተኛው ላይ ነው። እኛ ግን ለአብዛኛው ገዢ የምንመክረው 5ኬውን ነው። ቦዲው ደህና የሆነ፣ ያልተነካካ 4ኬ ከተገኘም ሳታመነቱ ያዙት። 4ኤ-ጂኢ የሚሆነው ለጥቂት ሰዎች ነው።

አንድ ማሳሰቢያ፦ "ዲኤክስ" የሚል ጽሑፍ በፊት ጎማ በሚነዱት ተከታይ ኮሮላዎች ላይም ተለጥፏል። ኮፈኑን ክፈቱ። ሞተሩ ከፊት ወደ ኋላ በቁመቱ ከተቀመጠና ከሥር እስከ ኋላው ዲፈረንሺያል የሚሄድ ረጅም ዘንግ (ትራንስሚሽን) ካለ የምንናገረው ስለዚያ መኪና ነው።

መጀመሪያ ቦዲውና ሊብሬው

ሞተር ይታደሳል፣ ይቀየራል፤ ዝገት የበላውን ቦዲ ግን መመለስ ከባድ ነው። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ስለተከለከለ፣ የተሻለ ከውጭ ይመጣል ብሎ መጠበቅም አያዋጣም። ማግኔት በስስ ጨርቅ ጠቅልላችሁ የፊት መስታወቱን የታች ማዕዘኖች፣ የበሮቹን ሥር፣ የኋላ ፓራፋንጎውን ቅስትና የባትሪ ማስቀመጫውን ላሜራ አስነኩ። ማግኔቱ የማይዝበት ቦታ ከቀለሙ ሥር ያለው ስቱኮ ነው። ምንጣፉን አንሡና ወለሉን በካቻቪቴ እጀታ መታ መታ አድርጉ። ጥርት ያለ ድምፅ ጤናማ ላሜራ ነው፤ የታፈነ ከሆነ ወይ ዝጓል ወይ ቁራጭ ተለጥፎበታል። የፊት አሞርቲዘር የሚታሰርበት ላሜራ ዙሪያው ተሰንጥቆ ከተበየደ፣ ሞተሩ ምንም ቢሆን መኪናውን ተዉት።

ከዚያ የሻንሲና የሞተር ቁጥሩን ከሊብሬው ጋር አስተያዩ። ሊብሬው 4ኬ እያለ ኮፈኑ ሥር ሌላ ሞተር ካለ ስም ሲዛወርም ሆነ ቦሎ ሲታደስ ጣጣው ወደ ገዢው ይመጣል። ሻጩ በራሱ ስም አስተካክሎ ይጨርስ፤ ክፍያው ከዚያ በኋላ ይሁን። ይህ ለ5ኬም ለ4ኤ-ጂኢም እኩል ይሠራል። በዚህ በኩል 4ኬ አያንገላታም።

4ኬ፦ ካርቡሬተሩ ላይ የሚጣለው ጥፋት

የ4ኬ ብሎክ ብረት፣ ቴስታው (ከብሎኩ ላይ የሚታሰረው የሞተሩ ራስ) አልሙኒየም ነው። ካምሻፍቱ ብሎኩ ውስጥ ሆኖ ቫልቮቹን በዘንግ ይገፋል። ታይሚንጉ በሰንሰለት ስለሆነ የሚበጠስ ቺንጋ የለውም። የቫልቩን ክፍተት በዘይት ግፊት ራሱ የሚያስተካክል ሃይድሮሊክ ታፔት ካልተገጠመለት፣ ሞተሩ በደንብ ሞቆ የመግቢያው ቫልቭ ክፍተት 0.20 ሚሊ ሜትር፣ የመውጫው 0.30 ይደረጋል። የፑንቲናው (የኢግኒሽኑን ኤሌክትሪክ የሚያቋርጠው ነጥብ) ክፍተት 0.45 ሚሊ ሜትር ነው። ኢግኒሽኑ የቫኪዩም ቱቦው ተነቅሎ 8 ዲግሪ ላይ ይታሰራል፤ ሲሊንደሮቹ የሚቀጣጠሉበት ቅደም ተከተል 1-3-4-2 ነው። ይህን ሁሉ የሰፈር መካኒክ በግማሽ ቀን ይጨርሰዋል።

"ካርቡሬተሩ ሞቷል" ተብሎ በርካሽ የሚቀርብ 4ኬ ግን ብዙ ጊዜ ያልሞተ ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ፣ አዳማ 1,600 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው። ከፍታው በጨመረ ቁጥር አየሩ ስለሚሳሳ ድብልቁ ቤንዚን ይበዛበታል። ስለዚህ አዲስ አበባ ላይ መካኒኩ ዋናውን ጄት፣ ማለትም ቤንዚኑ የሚያልፍበትን ባለቀዳዳ ብሎን፣ ቀዳዳው በጠበበ ይቀይረዋል፣ የአይድሊንግ ብሎኑንም ያጠብቃል። ያው መኪና ወደ አዳማ ሲወርድ አየሩ ይወፍራል፤ ቤንዚኑ ግን ያኔ የታሰረለት ነው። ድብልቁ ይሳሳል። ምልክቱ ግልጽ ነው፦ ካንዴላው ሲወጣ ጫፉ ነጭ ይሆናል፣ ጋዝ ሲሰጥ በካርቡሬተሩ አፍ ይተፋል፣ ዳገት ላይ ሞተሩ እንደ ጠጠር ይንኳኳል። መድኃኒቱ ለስፍራው የሚስማማ ጄት ነው እንጂ አዲስ ካርቡሬተር አይደለም። ወደ ቡናማ ያደላ ካንዴላ እስኪታይ ድረስ አስተካክሉት።

ሌላው የተለመደ ችግር ጋዝ ሲለቀቅ ሞተሩ መጥፋቱ ነው። ሞተሩን ሳታስነሱ ቁልፉን ክፈቱ። ከካርቡሬተሩ ጎን የምትወጣዋን የሶሌኖይድ ሽቦ ነቅላችሁ መልሱ። "ጠቅ" የሚል ድምፅ ከተሰማ ሶሌኖይዱ ይሠራል፤ የተደፈነው የአይድሊንጉ ጄት ነው። ፈትታችሁ በኮምፕሬሰር አየር ንፉት፤ ሽቦ ከከተታችሁበት ቀዳዳው ይሰፋል። ድምፅ ከሌለ ሽቦው ላይ 12 ቮልት መኖሩን በመብራት እዩ። ኤሌክትሪክ እየደረሰው ዝም ካለ ሶሌኖይዱን ቀይሩ። የቤንዚኑን ልክ ደግሞ በካርቡሬተሩ መስታወት ማየት ይቻላል፤ መሐል ላይ መሆን አለበት። ከዚያ በላይ ከሆነ የተንሳፋፊው መርፌ እየዘጋ አይደለም።

ቀትር ላይ ቆሞ የነበረ 4ኬ ወይም 5ኬ ለመነሳት ሲያስቸግር ሰዎች ሞተሪኖ (ማስነሻውን) ይቀይራሉ። በነዚህ ሞተሮች የመግቢያውና የማርሚታው ማኒፎልድ በአንድ ጎን ናቸው። ሞተሩ ሲጠፋ ሙቀቱ ወደ ላይ ወጥቶ በካርቡሬተሩ ውስጥ ያለውን ቤንዚን ያፈላዋል፤ የፈላው ወደ ውስጥ ይፈስሳል። የጋዝ ፔዳሉን ደጋግማችሁ ሳትመቱ እስከ መጨረሻው ረግጣችሁ ያዙና አስነሱ። ዘላቂው መፍትሔ ከካርቡሬተሩ ሥር ያለው ጥቁር ሙቀት ከላካይና ከሱ ጋር የሚገጠመው ላሜራ በቦታቸው መኖራቸው ነው። ካርቡሬተር የፈታ ሁሉ አይመልሳቸውም።

ሙቀቱ፦ ሦስቱም የሚፈተኑበት

በአዳማ ከፍታ ክፍት ውሃ የሚፈላው በ95 ዲግሪ ገደማ ነው። ቴርሞስታቱ 82 ላይ የሚከፍት ከሆነ መካከላቸው ያለው ርቀት ትንሽ ነው። ጤነኛ የራዲያተር ክዳን፣ 0.9 የሚል የተጻፈበት፣ መፍያውን ወደ 115 ዲግሪ ያደርሰዋል። ላስቲኩ የደረቀ ክዳን ያለው መኪና እንግዲህ ሌላ ጉድለት ሳይኖርበት ይፈላል። አንዴ ክፉኛ የፈላ አልሙኒየም ቴስታ ይጣመማል፣ በቴስታውና በብሎኩ መካከል ያለው ጓርኒሲዮንም ይበላሻል። ገዝታችሁ መጀመሪያ የምትቀይሩት ዕቃ ይህ ክዳን ይሁን፤ ለሦስቱም ሞተሮች።

የጉድጓድ ውሃ ራዲያተር ውስጥ አትጨምሩ። ማዕድኑ ውስጡ ይጋገርና ቧንቧዎቹን ያጠባል። የተጣራ ውሃና ኩላንት እኩል በእኩል ቀላቅሉ። ክዳኑን ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ ክፈቱና እዩ፦ ውሃው ላይ ዘይት ከተንሳፈፈ ወይም ሞተሩ ሲነሳ ያለማቋረጥ አረፋ ከወጣ ጓርኒሲዮኑ አልቋል። 4ኬ ላይ ቴስታው ወርዶ ጠፍጣፋነቱ ይለካል፤ 0.05 ሚሊ ሜትር ካለፈ ተርኖ ቤት ይሄዳል። ሲመለስ ብሎኖቹ ከመሐል ወደ ዳር፣ በሦስት ዙር፣ 60 ኒውተን ሜትር ገደማ ይጠበቃሉ።

4ኤ-ጂኢ የገባበት ኬኢ70 በዚህ በኩል ይበልጥ ያሳስባል። የ4ኬውን ቀጭን ራዲያተር እንደያዘ ከሆነ ጠዋት ሲታይ ደህና ይመስላል፣ ቀትር ላይ ይሸነፋል። ወፍራም ራዲያተርና በራሱ ተነስቶ በራሱ የሚጠፋ የኤሌክትሪክ ፋን ከሌለው ከዋጋው ላይ አስቀንሱ። በማብሪያ ማጥፊያ የሚነሳ ፋን ሹፌሩ የረሳው ቀን ቴስታ ያስከፍላል።

5ኬ ለምን?

5ኬ የ4ኬ ታላቅ ወንድም ነው። በ4ኬው ማውንት ላይ ይቀመጣል፣ ከዚያው ካምቢዮ ጋር ይያያዛል፣ ሽቦ መቀየርም አይጠይቅም። ትርፉ ከፍተኛ ፍጥነት አይደለም፤ ዳገት ላይ ማርሽ ሳይቀንሱ መውጣት ነው። 5ኬ ለረጅም ዘመን በቫን ላይ ስለተሠራ ፋሻ (የፒስተን ቀለበት)፣ ብሮንዚን (የክራንክሻፍት ማረፊያ) እና የውሃ ፓምፕ መርካቶ ሶማሌ ተራ ላይ ተፈልጎ ይገኛል። መጠንቀቅ ያለባችሁ አንድ ነገር፦ ብዙዎቹ ጭነት ሲጎትቱ ኖረው ከቫን የወረዱ ናቸው። ስለዚህ የሞተሩን ዕድሜ በሰውነቱ ንጽሕና ሳይሆን በኮምፕረሽን መለኪያ ፍረዱ።

ሲለካ ሞተሩ ሞቆ፣ አራቱም ካንዴላ ወጥቶ፣ ጋዙ እስከ መጨረሻው ተረግጦ ይሁን። የመጽሐፉ ቁጥር የተጻፈው ለባሕር ጠለል ነው። አዳማ ላይ የአየሩ ግፊት በ17 በመቶ ገደማ ስለሚያንስ 11 ኪሎ የሚጠበቅበት ሲሊንደር 9 ኪሎ እና ከዚያ በላይ ቢያሳይ አትደንግጡ። የሚያስደነግጠው ልዩነቱ ነው፦ በሲሊንደሮቹ መካከል ከ1 ኪሎ በላይ መሆን የለበትም። የቀነሰው ውስጥ የሻይ ማንኪያ ዘይት ጨምራችሁ ድገሙ። ከፍ ካለ ፋሻው፣ ካልተንቀሳቀሰ ቫልቩ ወይም ጓርኒሲዮኑ ነው።

ሙከራው ከተማ ውስጥ አይበቃም። በአሰላ መንገድ ዴራን አልፋችሁ ወደ ኢተያ ውጡ። ዳገቱ ላይ የሙቀት ጌጁንና ፍሪሲዮኑን እዩ፦ ዙሩ እየጨመረ ፍጥነቱ ካልጨመረ ፍሪሲዮኑ ያንሸራትታል። በፈጣኑ መንገድ ደግሞ ባለ4 ማርሽ ካምቢዮ በ100 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ከ3,500 ዙር በላይ ያሽከረክራል። አዲስ አበባ የሚመላለስ ሰው ባለ5 ማርሹን ይፈልግ። መሪው መኪናው ቆሞ ጎማው ሳይንቀሳቀስ ከ30 ሚሊ ሜትር በላይ ከተጫወተ ስቲሪንግ ቦክሱ ወይም መገጣጠሚያዎቹ ሥራ አለባቸው።

4ኤ-ጂኢ፦ ሙሉ ከሆነ ብቻ

ልዩነቱ እውነት ነው። 4ኬ እንደ ሥሪቱ ከ60 እስከ 75 የፈረስ ጉልበት ሲኖረው 4ኤ-ጂኢ ከ110 እስከ 130 ይሰጣል። ነዳጁን የሚመጥነው ኮምፒዩተር ስለሆነ ከአዲስ አበባ ሲወርድ ጄት ቀይሩልኝ አይልም። በደንብ የተገጠመውን መንዳት ያስደስታል፣ ይህን አንክድም። ችግሩ ግማሹ ሥራ ብቻ ተሠርቶ የሚሸጠው ነው።

ከሁሉ በፊት የቤንዚን መስመሩን ተከታተሉ። ካርቡሬተር በጣም ዝቅተኛ ግፊት ይበቃዋል፤ ኢንጄክሽን ግን ወደ 3 ባር ይጠጋል። የድሮው ጎማ ቱቦ በተራ ማጥበቂያ ታስሮ ካያችሁ ያ መኪና እሳት ይዞ ነው የሚሄደው፤ ሳይቀየር አታስነሱት። ወደ ታንከር የሚመለስ መስመርም ሊኖር ይገባል። የኬኢ70 ታንከር ለካርቡሬተር የተሠራ ስለሆነ ቤንዚኑ ሲቀንስ መታጠፊያ ላይ ፓምፑ አየር ይስባል፣ ሞተሩም ይቆራረጣል። መካከለኛ ትንሽ ታንክ የተገጠመለት ከሆነ ሠሪው የሚያውቅ ሰው ነው ማለት ነው።

ከዚያ ካምቢዮውን ጠይቁ። የ4ኬው ካምቢዮ ለዚህ ጉልበት አልተሠራም፤ ቲ50 የሚባለው ካምቢዮ መሆን አለበት። የታይሚንግ ቺንጋው መቼ እንደተቀየረ ማስረጃ ከሌለ እንዳልተቀየረ ቁጠሩት፤ ከመወጠሪያውና ከውሃ ፓምፑ ጋር አብሮ ይቀየር። የሚለወጥበት ልክ 100,000 ኪሎ ሜትር ነው። ቫልቮቹ የሚስተካከሉት በብሎን ሳይሆን በሺም፣ ማለትም ውፍረቱ በተለካ ትንሽ የብረት ሳህን፣ ነው፤ ሞተሩ ቀዝቅዞ የመግቢያው ከ0.15 እስከ 0.25፣ የመውጫው ከ0.20 እስከ 0.30። ልክ የሆነውን ሺም ፈልጎ ማግኘት ቀናት ሊወስድ ይችላል።

የቼክ ኢንጅን መብራቱ ቁልፉ ሲከፈት በርቶ ሞተሩ ሲነሳ መጥፋት አለበት። ጭራሽ ካልበራ አምፖሉን አውጥተውታል። በኋለኞቹ ሥሪቶች የቲኢ1 እና ኢ1 ቀዳዳዎች በሽቦ ሲገናኙ መብራቱ ብልጭ እያለ ኮድ ይቆጥራል፦ 22 የውሃ ሙቀት ሴንሰር፣ 31 የአየር መለኪያው፣ 41 የጋዝ ቫልቩ ሴንሰር ነው። የማይነበብ ኮምፒዩተር ያለበትን መኪና ጥፋቱን በግምት መፈለግ ይሆናል፤ ዕቃ እየቀያየሩ መሞከር ደግሞ ከሞተሩ ዋጋ በላይ ያስወጣል።

ስለዚህ 4ኤ-ጂኢውን ግዙ የምንለው ሊብሬው ለተስተካከለለት፣ የቤንዚን መስመሩ፣ ካምቢዮውና ራዲያተሩ አብረው ለተቀየሩለት፣ እና ገዢው ሁለተኛ መኪና ላለው ነው። ፍሬኑንም አትርሱ፦ ኬኢ70 ከፊት ዲስክ፣ ከኋላ ታምቡር ሆኖ የተሠራው ለ4ኬ ፍጥነት ነው። የፊት ዲስኩ ካልተለወጠ፣ የፍሬን ዘይቱም በአዲስ ዶት 4 ካልተተካ ከኢተያ ቁልቁል አትሞክሩት።