ርካሽ የባቡር ሞዴል ወደ ጠባብ ሐዲድ፦ በ1፡48 ወይስ በ1፡87?

1፡48 ማለት ሞዴሉ ከእውነተኛው ባቡር 48 ጊዜ ያነሰ ነው፤ 1፡87 ደግሞ 87 ጊዜ ያነሰ። ሁለቱም ልኬቶች የአሜሪካን ባለ762 ሚሊሜትር ጠባብ ሐዲድ (በሁለቱ ብረቶች መካከል ያለው ስፋት ነው) ለማስመሰል ያገለግላሉ። በ1፡48 ለመሥራት ርካሽ የኤችኦ (በ16.5 ሚሊሜትር ሐዲድ የሚሄድ የተለመደ የ1፡87 ሞዴል) የእንፋሎት ባቡር ይበቃል። ሞተሩና መንኮራኩሩ አይነካም፤ 16.5 ሚሊሜትር ሐዲዱ በ48 ሲባዛ 792 ይመጣል፣ ለ762 በቂ ቅርበት ነው። ሥራው ያለው ላዩ ላይ ነው። የነጂው ክፍል በመጋዝ ይነሳና ሰፋ ያለ ክፍል ከፕላስቲክ ይሠራል። በሩን ከመቁረጣችሁ በፊት የ1፡48 የሰው ምስል አቁማችሁ ለኩ፤ ነጂው ካጎነበሰ ነገሩ ሁሉ ይበላሻል።

በ1፡87 ደግሞ የኤን (ከኤችኦ ያነሰ የሞዴል ዓይነት) ሻሲ፣ ማለትም ሞተርና መንኮራኩር ያለው የታችኛው ክፍል፣ በ9 ሚሊሜትር ሐዲድ ላይ ይሄዳል። ቦታ ይቆጥባል። ግን ቀላል ስለሆነ ሐዲዱ ትንሽ ሲቆሽሽ ቀጥ ይላል፤ ለክብደት የእርሳስ ብረት መጨመሪያ ቦታም እምብዛም የለውም። ለጀማሪ 1፡48 ይሻላል ባይ ነኝ፤ ቤቱ ካልጠበበ በቀር።