አሥራ አራት ወራት ከሱዙኪ አርኢ-5 ጋር፦ ፒስተን የሌለው ሞተር በአዳማ

ይህን ሞተር ሳይክል የገዛሁት ባለፈው ዓመት ጥቅምት ወር ላይ ከወንጂ ነው። የቀድሞው ባለቤት በጡረታ ዘመናቸው ሲነዱት ቆይተው ካረፉ በኋላ ልጆቻቸው ሸራ አልብሰው ለዓመታት በግቢያቸው ጥግ አቁመውት ነበር። ሊብሬው የሥሪት ዘመኑን እ.ኤ.አ. 1975፣ የሞተሩን መጠን 497 ሲሲ፣ የሲሊንደሩን ብዛት 1 ይላል። የመጨረሻው ቁጥር ቅጹን ለመሙላት የተጻፈ ነው፤ በዚህ ሞተር ውስጥ ሲሊንደርም፣ ወደ ላይና ወደ ታች የሚመላለስ ፒስተንም፣ ቫልቭም የለም።

በእነዚህ ሁሉ ፋንታ ያለው ጎኖቹ ጎበጥ ያሉ ባለሦስት ማዕዘን ብረት ነው። ይህ ሮተር የሚባለው ብረት ወገቡ ጠበብ ባለ ሞላላ ቤት ውስጥ እየተሽከረከረ በሦስቱም ጎኖቹ አየርና ቤንዚን ይስባል፣ ያምቃል፣ ያቃጥላል፣ ጭሱንም ያስወጣል። ሮተሩ አንድ ጊዜ ሲዞር ዋናው ዘንግ ሦስት ጊዜ ስለሚዞር፣ በእያንዳንዱ የዘንግ ዙር አንድ ቃጠሎ አለ። አሠራሩን ያመነጨው ጀርመናዊው ፌሊክስ ቫንከል ሲሆን፣ የመጀመሪያው ሞተር በኤንኤስዩ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1957 ተነሣ። ሱዙኪ በ1970 ፈቃዱን ገዝቶ አርኢ-5ን በ1974 ለገበያ አቀረበ፤ ነገር ግን ከ1973ቱ የነዳጅ ቀውስ በኋላ ቤንዚን የሚያበዛ ሞተር ፈላጊ ስላጣ፣ ወደ 6,000 ገደማ ከተሠሩ በኋላ በ1976 ምርቱ ቆመ።

ስለ ሮተሪ ሞተር ደጋግሜ የሰማሁት በሮተሩ ሦስት ጫፎች ላይ የተቀመጡት ማሸጊያዎች ቶሎ ያልቃሉ የሚል ነው። እኔ ከአሥራ አራት ወርና ከ6,800 ኪሎ ሜትር በኋላ የደረስኩበት ግን ከዚህ ይለያል፤ የእኔን ሞተር የጎዳው መነዳቱ ሳይሆን፣ በቅጡ ሳይሞቅ እየተነሣ መጥፋቱ ነው። በተለመደው ሞተር አንዱ ሲሊንደር በየተራ ቀዝቃዛ አየርም እሳትም ያስተናግዳል። በዚህ ሞተር ግን የቤቱ አንድ ወገን ሁልጊዜ ቀዝቃዛውን ድብልቅ ይቀበላል፣ ሌላው ወገን ሁልጊዜ እሳት ላይ ነው። ስለዚህ ብረቱ በሁለት የተለያየ ሙቀት ይለጠጣል፤ ሙሉ ሙቀቱ ላይ ሳይደርስ ሲጠፋም ያልተቃጠለው ቤንዚንና የዘይቱ ጥላሸት ማሸጊያዎቹ ባሉበት ጎድጓዳ ውስጥ ይጋገራል።

ይህን የተማርኩት በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ነው። ከቤቴ እስከ ሥራ ቦታዬ ሁለት ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም፤ በየቀኑ ጠዋት፣ ምሳ ሰዓትና ማታ እየነዳሁት እመላለስ ነበር። በጥር ወር ጠዋት ጠዋት አልነሣም ማለት ጀመረ፤ ካንዴላው ሲፈታ እንደ ከሰል ጠቁሮና ረጥቦ ወጣ። ለአዳማ መኪኖች ለረጅም ዘመን ሞተር ሲያወርዱ የኖሩ አንድ አዛውንት መካኒክ ዘንድ ወሰድኩትና ኮምፕሬሽኑን፣ ማለትም ሞተሩ ድብልቁን ሲያምቅ የሚፈጥረውን ግፊት፣ ለካን። እዚህ ላይ ሮተሪ ያለው ሰው ሊያውቀው የሚገባ ነገር አለ። ተራው የኮምፕሬሽን ጌጅ ውስጡ ያለው አንድ አቅጣጫ ቫልቭ የታየውን ከፍተኛ ግፊት ብቻ ይዞ ስለሚቆይ፣ ከሦስቱ ጎኖች አንዱ ጤነኛ ከሆነ ሁለቱ ቢደክሙም ሞተሩ ደህና ይመስላል። ቫልቩን ከጌጁ አውጥተን ሞተሩን በስታርተር ስናሽከረክረው መርፌው ሦስት ጊዜ እየዘለለ እያንዳንዱን ጎን ለየብቻው አሳየን፤ ሁለቱ ተቀራራቢ ሲሆኑ ሦስተኛው በሲሶ ያህል ያነሰ ነበር።

እኔ ሞተሩ መውረዱ አይቀርም ብዬ ስለ ወጪው ስጠይቃቸው፣ «አይ ልጄ፣ መጀመሪያ ራቅ ወዳለ ቦታ ንዳው፤ ይህ ሞተር ሙቀት ነው ያጣው» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ በየሳምንቱ እሑድ በዴራና በኢተያ በኩል አሰላ ድረስ ወጥቼ እመለሳለሁ፤ መንገዱ በአንድ ጉዞ 75 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በከተማ ውስጥ ለአጭር መንገድ ማስነሣቱን ጨርሶ ተውኩ። ይህን ከጀመርኩ በሦስተኛው ወር ስንለካው ደካማው ጎን ከሁለቱ ጋር ተቀራርቦ ተገኘ፤ የተጣበቀው ማሸጊያ በሙቀቱ ተላቅቆ መንቀሳቀስ ጀምሯል ማለት ነው። አንድም ዕቃ ሳይቀየር የዳነበትን ያንን ቀን በደስታ አስታውሰዋለሁ።

የአሰላው ጉዞ ሌላም ነገር ገለጠልኝ። አዳማ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,600 ሜትር፣ አሰላ ደግሞ ከ2,400 ሜትር በላይ ናቸው። በአሰላ የአየሩ እፍጋት ከባሕር ወለሉ በአንድ አምስተኛ ገደማ ይቀንሳል፤ ካርቡሬተሩ ግን ይህን ሳያውቅ ቤንዚኑን ያንኑ ያህል ይሰጣል። ከኢተያ በላይ ሞተሩ እየከበደ፣ ከማርሚታው ጥቁር ጭስ እየወጣ ያስቸግረኝ ነበር። ቤንዚኑን የሚመጥነውን ዋናውን ጂግለር በአንድ ቁጥር አሳንሰን ከገጠምን በኋላ ዳገቱን ያለ ቅሬታ ይወጣል። ፋብሪካው የሰጠው 62 የፈረስ ጉልበት በዚህ ከፍታ ሙሉ በሙሉ እንደማይገኝ ግልጽ ነው፤ ሆኖም አወጣጡ እጅግ ለስላሳ ነው፤ መሪው ላይ ንዝረት የሚባል ነገር አይሰማም፣ ድምፁም ወጥ ሆኖ እንደ ተርባይን ያጉረመርማል። መግዛቴን አንድም ቀን ያልተጸጸትኩት በዚህ ምክንያት ነው።

ቁልቁለቱ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ጋዝ ሲለቀቅ ሞተሩ እንዳይንገጫገጭ ተብሎ ኤሌክትሪኩ ቃጠሎውን አንዱን ጎን እየዘለለ እንዲሰጥ ተደርጎ ተሠርቷል፤ ማርሽ በመቀነስ ብቻ እንደ ሌላ ሞተር አጥብቆ አይዝም። ያለ ዘይትና ያለ ነዳጅ ወደ 230 ኪሎ የሚመዝን ነገር ከአሰላ ወደ አዋሽ ሸለቆ ሲወርድ የሚይዘው ፍሬኑ ነው። የፊቶቹን ሁለት ዲስኮች ሸራ እስካሁን አንዴ ቀይሬያለሁ።

ማቀዝቀዣው ውሃ ነው፤ ትልቁ ችግሬም ከዚያ መጣ። ራዲያተሩ ለዓመታት የጉድጓድ ውሃ ሲሞላበት ኖሯል፤ የስምጥ ሸለቆ ውሃ ማዕድን ይበዛዋልና ቱቦዎቹ በነጭ ቅርፊት ተደፍነው አገኘናቸው። አስጠርገን ከባትሪ ውሃ ጋር የተቀላቀለ ኩላንት ብቻ መጠቀም ከጀመርኩ በኋላ፣ በመጋቢት ሙቀት እንኳ ጠቋሚው ከመሀል አላለፈም። ዘይቱ ሦስት ቦታ ነው፦ ሮተሩን የሚያቀዘቅዘው፣ የካምቢዮው፣ እንዲሁም ማሸጊያዎቹን እያራሰ ከቤንዚኑ ጋር የሚቃጠለው። ሦስተኛው በየጊዜው ስለሚጎድል ቤንዚን በሞላሁ ቁጥር አየዋለሁ፤ እሱ ካለቀ ሞተሩም አለቀ ማለት ነው። ቤንዚኑን በተመለከተ በረጅም መንገድ በሊትር 14 ኪሎ ሜትር፣ በከተማ ከ11 ያልበለጠ ለክቻለሁ። ማደያ ላይ ወረፋ በሚበዛበት ሳምንት ይህ ቁጥር ያማል።

መለዋወጫ በአገር ውስጥ አላገኘሁም። ካቴና፣ ጎማ፣ ባትሪና የፍሬን ሸራ የሚመሳሰል ተፈልጎ ይገጠማል፤ ጓርኒሲዮን መካኒኩ ራሳቸው ይቆርጡልኛል። ካንዴላው ግን ወፍራምና የተለየ ስለሆነ ሁለት ከውጭ በሚመጣ ዘመድ አስላክሁ። የጫፍ ማሸጊያዎቹን ያዘዝኩበት ሻጭ መጀመሪያ የላከልኝ ለሌላ ሞተር የተሠሩ ሆነው በሚሊ ሜትር ክፋይ ስለሰፉ ጎድጓዳው ውስጥ አልገቡም፤ ገንዘቤ ሳይመለስ ከሌላ ቦታ እንደገና ገዛሁ።

በየቀኑ ለሥራ መመላለሻ የሚፈልግ ሰው ይህን ሞተር እንዲገዛ አልመክርም፤ በሳምንት አንድ ቀን ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ የሚያሽከረክርበት መንገድና ጊዜ ያለው፣ ጌጅና ብሎን መፍቻም የማይፈራ ሰው ግን በደስታ ይይዘዋል። ባለፈው እሑድ ከአሰላ ስመለስ ትኩስ እያለ ለካነው፤ መርፌው ሦስቱንም ጊዜ እኩል ዘለለ። ሁለተኛዎቹ ማሸጊያዎች በዘይት ወረቀት ተጠቅልለው ቁም ሣጥኔ ውስጥ፣ ገና ሳይከፈቱ አሉ።