ባለ 8 ኢንች ዶብሶኒያን ቴሌስኮፕ በሰሜን ሸዋ ሰማይ ሥር

ባለ 8 ኢንች መስተዋት ዶብሶኒያን ቴሌስኮፕ (መሬት ላይ በሚያርፍ ቀላል መቀመጫ ላይ የሚዞር ዓይነት) ለመግዛት የሚያስብ ሰው አስቀድሞ ሊያውቀው የሚገባ ነገር አለ፤ መሣሪያው የሚያሳየው አዲስ የተወለዱ ከዋክብት ያበሩትን ጋዝ እንጂ በጋዝና በአቧራ ደመናው ሆድ ውስጥ ገና በመወለድ ላይ ያሉትን አይደለም። በካርቶኑ ላይ የታተመው ቀይና ሐምራዊ ምስል ካሜራ ለረጅም ጊዜ ብርሃን ሰብስቦ ያነሳው ነው፤ በዓይን የሚታየው ግራጫ፣ አልፎ አልፎም ወደ አረንጓዴ የሚያደላ ጭጋግ ነው። ሻጮች ይህን በግልጽ ቢናገሩ መልካም ነበር። ነገሩን ተረድቶ ለሚገዛ፣ በተለይም የሰሜን ሸዋ ደጋ ቅርቡ ለሆነ ሰው ግን፣ ከዚህ የተሻለ የመጀመሪያ መሣሪያ አላየሁም።

ቴሌስኮፑን የተጠቀምኩበት በደብረ ብርሃን ዳርቻ፣ በአንኮበር አፋፍና በመንዝ ጓሳ ነው። በደብረ ብርሃን የከተማው መብራት ደብዛዛውን ጋዝ ይውጠዋል። አንኮበር ሰማዩ ጥቁር ቢሆንም ከቆላው የሚወጣው ጉም በድንገት ሁሉን ይጋርዳል። ጓሳ ከ3,000 ሜትር በላይ ስለሆነ ከከባቢ አየሩ ሲሶ ያህሉ ከተመልካቹ በታች ይቀራል፤ ስለዚህም መሣሪያው ያለውን አቅም ሁሉ የሚያወጣው እዚያ ነው።

በጥር ወር ከምሽቱ 4 ሰዓት ገደማ ኦሪዮን የተባለው የከዋክብት ስብስብ ከፍ ብሎ ይቆማል። በ25 ሚሊሜትር የዓይን ሌንስ፣ ማለትም በ48 እጥፍ ማጉላት፣ 1,350 የብርሃን ዓመት ያህል የሚርቀው የኦሪዮን ኔቡላ፣ ማለትም የሚያበራው የጋዝ ደመና፣ እንደ ተዘረጋ ክንፍ እይታውን ይሞላዋል። በ10 ሚሊሜትሩ፣ በ120 እጥፍ፣ ትራፔዝየም የሚባሉት አራት ወጣት ከዋክብት ተለያይተው ይታያሉ። ጋዙን የሚያበራው በዋናነት ከአራቱ የደማቁ ኮከብ አልትራቫዮሌት ጨረር ነው። በአጠገባቸው ወደ ብርሃኑ ዘልቆ የገባው ጥቁር ስንጥቅ ባዶ ቦታ ሳይሆን የኋላውን ብርሃን የጋረደ አቧራና ጋዝ ነው፤ ዓይን ጨለማውን ከለመደ በኋላ የስንጥቁ ጠርዝ እያደር ጥርት ይላል። ይህ ሁሉ ግን የደመናው ፊት ብቻ ነው። ከኔቡላው ኋላ ከዋክብት የሚወለዱበት ግዙፉ የሞለኪውል ደመና፣ ማለትም ቀዝቃዛ ጋዝና አቧራ፣ አለ፤ በውስጡ የሚገኘውና የሥነ ፈለክ ተመራማሪዎቹ ቤክሊንና ኖይገባወር እ.ኤ.አ. በ1967 ይፋ ያደረጉት በአቧራ የተሸፈነ ወጣት ኮከብ የታወቀው በታሕታይ ቀይ ጨረር ነበር፤ ምክንያቱም ይህ ጨረር የሚታየው ብርሃን የማያልፈውን አቧራ ያልፋል።

ሰውር (ታውረስ) በተባለው የከዋክብት ስብስብ በኩል ያለው የሞለኪውል ደመና ይበልጥ ቅርብ፣ 450 የብርሃን ዓመት ገደማ ነው። ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች 263 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ይደርሳል፤ ጋዙ በራሱ ክብደት ተሰብስቦ ኮከብ መሆን የሚችለውም እንዲህ ቀዝቅዞ የሚገፋው ግፊት ሲዳከም ነው። በቴሌስኮፑ የሚታየው ከዋክብት የሳሱበት ጨለማ ሰማይ ብቻ ስለሆነ ብዙ ሰው አልፎት ይሄዳል። እኔ ግን እዚያ ያለውን ቲ ታውሪ የተባለ ኮከብ መፈለግ እመክራለሁ። የሥነ ፈለክ ተመራማሪው ጆን ራስል ሃይንድ እ.ኤ.አ. በ1852 ያገኘው ይህ ኮከብ ሃይድሮጅን ማንደድ ገና ያልጀመረ፣ በመኮማተር በሚያገኘው ኃይል የሚያበራ ጨቅላ ነው፤ ድምቀቱም ይለዋወጣል። ለዓይን ተራ ነጥብ ቢመስልም በዚህ መሣሪያ በቀጥታ ሊታዩ ከሚችሉት ሁሉ ለኮከብ ልደት የቀረበው እሱ ይመስለኛል። እዚያው ደመና ውስጥ ያለውን ኤችኤል ታውሪ የተባለውን ወጣት ኮከብ የከበበውን የጋዝና አቧራ ዲስክ ከነቀለበቶቹ ለማየት ግን በቺሊ አታካማ በረሃ 5,000 ሜትር ከፍታ ላይ የተተከለው አልማ የተባለው የሬዲዮ ቴሌስኮፖች ስብስብ አስፈልጓል፤ ምስሉም የወጣው እ.ኤ.አ. በ2014 ነው።

የመሣሪያው ድክመት መቀመጫው ላይ ነው። ከቺፑድ የተሠራ በመሆኑ የክረምት እርጥበት ካገኘው ያብጣል፤ መሬት ላይ ሳይሆን ጣውላ ላይ ማሳረፍ ያስፈልጋል። በመኪና ከተጓዘ በኋላም የዋናው መስተዋት ቡሎኖች ስለሚላሉ፣ ደማቅ ኮከብ ላይ አነጣጥሮ ፎከሱን ሆን ብሎ ማደብዘዝ፣ የሚታዩት ቀለበቶች መሐላቸው አንድ እስኪሆን ድረስም በካቻቪቴ ማስተካከል ግድ ይላል። በታኅሣሥ ውርጭ ደግሞ መስተዋቱ ከውጭው አየር ጋር እስኪመጣጠን አንድ ሰዓት ገደማ ካልተጠበቀ ትራፔዝየም ይርገበገባል።

ተጨማሪ ገንዘብ ያለው ሰው የኔቡላ ማጣሪያ (የጋዙን ብርሃን አሳልፎ ሌላውን የሚቀንስ መስታወት) ቢገዛ በኦሪዮን ላይ ልዩነቱን ወዲያው ያየዋል፤ ለሰውር ጨለማ ደመና ግን ምንም አይጨምርለትም። ተጨማሪው ገንዘብ ለአንድ ነገር ብቻ የሚበቃ ከሆነ ግን ከማጣሪያው 10 በ50 ባይኖኩላር (10 እጥፍ የሚያጎላ፣ ባለ 50 ሚሊሜትር ሌንስ) ይቅደም። የቴሌስኮፑ እይታ ከአንድ ዲግሪ ብዙም ስለማይበልጥ፣ በመጋቢት ከሌሊቱ 10 ሰዓት ገደማ አቅራብ (ስኮርፒየስ) ከተባለው የከዋክብት ስብስብ አጠገብ የሚታየውን የሮ ኦፊዩኪ ደመና ጥቁር ዘርፎች በሙሉ ስፋታቸው የሚያሳየው ባይኖኩላሩ ነው።