71 በመቶ ላይ የቆመው ግልባጭ፦ 14 ወራት ከመጠባበቂያ ሃርድ ዲስኬ ጋር

ይህን 4 ቴራባይት የሚይዝ ውጫዊ ሃርድ ዲስክ ከገዛሁት 14 ወር ሆነው። ሥራው አንድ ነው፤ እሑድ ማታ የላፕቶፔን ሙሉ ግልባጭ ተቀብሎ እስከሚቀጥለው እሑድ መሳቢያ ውስጥ መተኛት። ስለ መልኩና ስለ ሽፋኑ ብዙ የምለው የለኝም። ድምፁ ዝግ ያለ ነው፣ አይግልም፣ ገመዱ ያጥራል። በመጀመሪያዎቹ 9 ወራት ቅሬታ አልነበረኝም። አሁን ሳስበው ግን በእነዚያ ወራት ዲስኩን ፈትኜዋለሁ ለማለት ያሳፍረኛል። ስጽፍበት ኖርኩ እንጂ አንድም ቀን ከእሱ አላነበብኩም።

በ10ኛው ወር የላፕቶፔ ዲስክ ሞተ። አዲስ አስገብቼ 612 ጊጋባይት የሚሆነውን ግልባጭ መመለስ ጀመርኩ። በሰከንድ 110 ሜጋባይት ገደማ እየተነበበ በሰላም ሲሄድ ቆይቶ 71 በመቶ ላይ ቀጥ አለ። ጆሮዬን ወደ ዲስኩ አስጠጋሁ። ጠቅ ይላል፣ ትንሽ ዝም ይላል፣ ደግሞ ጠቅ። ከደቂቃዎች በኋላ ፕሮግራሙ «ማንበብ አልተቻለም» ብሎ ሥራውን አቋረጠ።

ያ ድምፅ ዲስኩ አንድን ሴክተር፣ ማለትም መረጃ የሚጻፍበትን አንዲት ትንሽ ክፍል፣ ደጋግሞ ለማንበብ ሲታገል የሚሰማ ነው። እያንዳንዱ ሴክተር ከመረጃው ጋር የስህተት ማረሚያ ኮድ ይዞ ይቀመጣል፤ ጥቂት ቢቶች ቢበላሹ በዚያ ኮድ ይታረማሉ፣ እኛም አናውቅም። ብልሽቱ ከኮዱ አቅም ሲያልፍ ዲስኩ ያንኑ ቦታ መላልሶ ይሞክራል። ብዙ ዲስኮች በአንድ ላይ ለሚሠሩባቸው ማከማቻዎች የተሠሩት አብዛኛውን ጊዜ ከ7 ሰከንድ ገደማ በኋላ ተስፋ ይቆርጣሉ፤ መረጃው ከሌላው ዲስክ ይገኛልና። ለቤት የተሠሩት ግን ከዚያ በጣም ይዘገያሉ። እኔ ሌላ ቅጂ ስላልነበረኝ ግትርነቱን አልጠላሁትም።

ከዲስኩ ጋር የመጣው የአምራቹ ፕሮግራም በዚያች ሰዓት እንኳ አረንጓዴ ምልክት አብርቶ «ጤናማ» ይል ነበር። ዲስኩ ስለ ራሱ ጤና በሚይዘው መዝገብ (ስማርት ይባላል) ውስጥ ያሉትን ቁጥሮች ራሴ ስከፍት ሌላ ነገር አየሁ። የተተኩ ሴክተሮችን የሚቆጥረው መለያ 5 ዜሮ ነው፤ መነበብ አቅቷቸው ውሳኔ የሚጠብቁትን የሚቆጥረው መለያ 197 ግን 16 ይላል። የእኔ ዲስክ የሚቆጥረው በ512 ባይት ነው፤ ውስጡ በሚሽከረከረው ሰሌዳ ላይ ያለው እውነተኛ ሴክተር 4096 ባይት ስለሆነ 16ቱ ሲሰሉ 2 ሴክተር ብቻ ናቸው።

ሴክተሮቹ ለምን ወዲያው አልተተኩም? ዲስክ የማይነበብን ሴክተር በመለዋወጫ የሚተካው እንደ ደንቡ አዲስ ነገር ሲጻፍበት ነው። በንባብ ጊዜ ዝም ብሎ ቢተካው በቦታው የነበረውን መረጃ ከየት ያመጣዋል? ባዶ ቦታ ሰጥቶ «ይኸውልህ» ከሚል ስህተት ቢያሳውቅ ይሻላል። እናም ብልሽቱ በተቀባዩ ዲስክ ላይ ቢሆን ኖሮ መጻፉ ራሱ ሴክተሩን አስተክቶ፣ እኔ ሳላውቅ ሥራው ያልቅ ነበር። የእኔ ብልሽት ያለው ሰጪው ላይ ነው። ሃርድ ዲስክ እንደ ልማዱ የጻፈውን መልሶ ስለማያነብ፣ እሑድ ማታ «ተሳክቷል» የሚለው መልእክት ለዚህ ጉዳይ ዋስትና አልነበረም።

ያዳነኝ ዲዲሬስኪው የተባለው ነጻ ፕሮግራም ነው። የሚነበበውን ሁሉ አስቀድሞ ይገለብጣል፣ ያስቸገሩትን ቦታዎች በመዝገብ ይዞ ኋላ ይመለስባቸዋል። ሌሊቱን ሲታገል አድሮ ከ612 ጊጋባይት 8 ኪሎባይት ብቻ ቀረ። ከተገለበጠው ላይ ስመልስ የጠፋብኝ አንድ ቪዲዮ ነው። ፕሮግራሜ መረጃውን በትንንሽ ክፍሎች ለየብቻ የሚያምቅ መሆኑ በጀኝ። ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ወጥ ሆኖ የታመቀ ፋይል ቢሆን ኖሮ ከቀዳዳው በኋላ ያለው ሁሉ ሊሄድ ይችል ነበር።

አንድ ነገር ደግሞ ከንቱ አስደነገጠኝ። ከካርቶኑ በወጣ በሳምንቱ አዲሱን የላፕቶፕ ዲስክ ቼክዲስክ በሚባለው የዊንዶውስ መመርመሪያ ብመረምረው 32 ኪሎባይት የተበላሸ ቦታ አለው አለኝ። ሻጩን ልወቅስ ስነሳ ነገሩ ገባኝ፤ ዊንዶውስ ፋይሎችን የሚያደራጅበት ኤንቲኤፍኤስ የተባለው የፋይል ሥርዓት የተበላሹ ቦታዎችን ዝርዝር የሚይዘው በራሱ ውስጥ ነው። የሟቹ ዲስክ ዝርዝር ከግልባጩ ጋር ተሻግሮ በጤነኛው ላይ ተለጥፏል። ቼክዲስክን በ«ቢ» ምርጫ ሳሄደው ቦታዎቹን እንደገና ፈትኖ ዝርዝሩን አጸዳው።

ወደ ውጫዊው ልመለስ። ያለውን ሁሉ ካወጣሁ በኋላ ዳር እስከ ዳር ዜሮ ጻፍኩበት፤ 11 ሰዓት ፈጀ። መለያ 197 ወደ ዜሮ ወረደ፣ መለያ 5 ደግሞ 8 ሆነ። አንደኛው ሴክተር በሰሌዳው ላይ ምንም ጉዳት ስላልነበረው አዲሱን ጽሑፍ ተቀብሎ ቀጠለ፣ ሌላኛው ተተካ ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ በየወሩ ረጅሙን የራስ ምርመራ አስደርገዋለሁ፤ ሁለቱም ቁጥሮች አልተነቃነቁም። ቁጥሩ በየወሩ ቢጨምር ኖሮ አልታገስም ነበር፣ እጥለው ነበር።

አሁን ሁለተኛ ቅጂ ይዞ ይኖራል፤ የመጀመሪያው ሌላ ዲስክ ላይ ነው። በየሦስት ወሩም ከሁለቱም ግልባጩን ሙሉ በሙሉ አንብቤ አረጋግጣለሁ። ከ5 ነጥቦች 3ቱን እሰጠዋለሁ። ሁለቱን የቀነስኩት በዚያ አረንጓዴ ምልክት ምክንያት ነው።