የቢራ መጥመቂያዬን የኤሌክትሪክ ፓኔል ላስተካከሉልኝ ባለሙያ ምስጋና፣ ለሚፈልጋቸውም ጥቆማ

በሜሪላንድ፣ ከዋሽንግተን ዲሲ ብዙም በማይርቅ ሰፈር በምንኖርበት ቤት ምድር ቤት ውስጥ ላለፉት ሦስት ዓመታት ቢራ ስጠምቅ ቆይቻለሁ። ይህን የምጽፈው ስለ ቢራው ለማውራት አይደለም። ለአምስት ወራት ያህል ያስቸገረኝን የመጥመቂያዬን የኤሌክትሪክ መቆጣጠሪያ ፓኔል በሁለት ቅዳሜ መርምረው ላስተካከሉልኝ ኢትዮጵያዊ የኤሌክትሪክ ባለሙያ ምስጋናዬን በአደባባይ ለማቅረብና፣ በዚህ አካባቢ እንዲህ ያለ ሥራ ላለበት ሰው ለመጠቆም ነው። ስማቸውን እንዳልጽፍ ስለነገሩኝ፣ እኛ ቤት እንደምንጠራቸው «ጋሼ» እያልኩ እቀጥላለሁ። ጥሩ ባለሙያ ናቸው ብሎ ማለፍ ቀላል ነበር፤ ነገር ግን ምን አግኝተው ምን እንዳደረጉ ካልተረኩ እንዲህ ያለ ጥቆማ ብዙም ስለማይጠቅም ትንሽ ዘርዘር አድርጌ እጽፋለሁ።

ቤት ውስጥ በጋዝ ማፍላት በካርቦን ሞኖክሳይድ ምክንያት የሚያስፈራ ስለሆነ፣ ገና ከመጀመሪያው የመረጥኩት በኤሌክትሪክ መጥመቅን ነው። ድስቴ ውስጥ የተገጠመው ማሞቂያ ኤለመንት 5,500 ዋት ሲሆን፣ በ240 ቮልት ሲሠራ 23 አምፔር ገደማ ይስባል። ይህንን የሚያዘው ፓኔል የሙቀት መጠኑን የሚቆጣጠረው ፒአይዲ፣ ኤለመንቱን በየሰከንዱ የሚያበራና የሚያጠፋው ኤስኤስአር፣ ሁለቱንም የኤሌክትሪክ መስመሮች በአንድ ጊዜ የሚቆርጠው ኮንታክተርና በ120 ቮልት የምትሠራ ትንሽ ፓምፕ የምትሰካበት ሶኬት አለው። ፓኔሉን የገጣጠምኩት ራሴ፣ አንድ ክረምት ሙሉ፣ ከተለያየ ቦታ የሰበሰብኳቸውን የሽቦ ንድፎች እያየሁ ነው። ባለቤቴ ሳጥኑ ተከፍቶ ባየችው ቁጥር «እናቴ በአንድ ጋን የምትጠምቀውን ጠላ አንተ በዚህ ሁሉ ሽቦ ልትጠምቀው ነው?» ትለኝ ነበር፤ እውነቷን ነው።

ችግሩ ሦስት መልክ ነበረው። ፓምፑን ባበራሁ ቁጥር ሰው እንዳይይዝ የሚጠብቀው የጂኤፍሲአይ ብሬከር ወዲያውኑ ይወርዳል። ፓምፑን ትቼ ብጠምቅም ከፈላ ሃያ ደቂቃ ያህል በኋላ እንደገና ይወርዳል። ከዚህ በተጨማሪ ብቅሉን በ67 ዲግሪ ላቆይ ብዬ ፒአይዲውን ሳስተካክል ሙቀቱ አልፎ ሄዶ 78 ይደርስብኛል፤ በዚህ ሙቀት የብቅሉ ስታርች ወደ ስኳር የሚለወጥበት ኢንዛይም ስለሚሞት፣ የሚቦካው ነገር አነስተኛ፣ ቢራውም ወፍራምና ጣፋጭ ሆኖ ይቀራል። ሦስት ጊዜ እንዲህ ያለ ቢራ ደፍቻለሁ። ወራቱን ያሳለፍኩትም የፒአይዲውን ቁጥሮች ደጋግሜ በመቀየርና ውሃውን በጆግ እየቀዳሁ በመገልበጥ ነው።

ከጋሼ በፊት የጠራሁት ሰው ሳጥኑን ከፍቶ ለጥቂት ደቂቃ ካየ በኋላ «ብሬከሩ አርጅቷል» ብሎ በአዲስ ቀየረልኝና ሒሳቡን ተቀብሎ ሄደ። በማግስቱ አዲሱም ሲወርድ ደወልኩለት፤ የሰጠኝ ምክር ጂኤፍሲአይውን አውጥተን በተራ ብሬከር እንተካው የሚል ነበር። ያን ብንቀበል ኖሮ ብሬከሩ በእርግጥም አይወርድም ነበር። ውሃና ኤሌክትሪክ አንድ ላይ በሚውሉበት፣ ሁለት ልጆች ወርደው በሚጫወቱበት ምድር ቤት ውስጥ እንዲህ ያለ ምክር መስጠት ምን ያህል ከባድ ጥፋት እንደሆነ የገባኝ ጋሼ ካስረዱኝ በኋላ ነው።

ጋሼ የመጡ ቀን መሣሪያቸውን ከቦርሳ አላወጡም። መጀመሪያ የጠየቁኝ «መቼ ነው የሚጠፋው?» ብለው ነው። «አንዳንዴ» ብዬ ስመልስ «አንዳንዴ የሚባል ኤሌክትሪክ የለም» አሉና ወረቀትና እስክሪብቶ አስመጥተው፣ የትኛው ማብሪያ ሲበራ፣ ከስንት ደቂቃ በኋላ፣ ድስቱ ቀዝቃዛ ሆኖ ወይስ ፈልቶ እያሉ ሁሉንም አስጻፉኝ። ከዚያ አንድ በአንድ እያበራን ሞከርን። ፒአይዲው ሲበራ ምንም የለም፤ ኤለመንቱ ሲበራም ምንም የለም፤ የፓምፑን ማብሪያ ጣቴ ገና ከመንካቱ ብሬከሩ ወረደ። ጋሼ ፈገግ ብለው «ኒውትራልህን አሳየኝ» አሉኝ፤ ኤሌክትሪኩ የሚመለስበትን ሽቦ ማለታቸው ነው።

እዚህ ላይ ከአገር ቤት ይዤው የመጣሁት እውቀት ነው ያሳሳተኝ። እኛ አገር 220 ስንል በአንድ ፌዝና በኒውትራል መካከል ያለውን ማለታችን ነው። አሜሪካ ግን 240 የሚገኘው ከሁለት ፌዞች መካከል ሲሆን፣ ኒውትራሉ የመካከለኛው ነጥብ ስለሆነ ከእያንዳንዳቸው ጋር 120 ይሰጣል። የእኔ ኤለመንትም፣ ፒአይዲም፣ የኮንታክተሩ ጥቅልም በሁለቱ ፌዞች መካከል ስለሚሠሩ ኒውትራልን ጨርሶ አይነኩም፤ ኒውትራል የሚያስፈልጋት ፓምፗ ብቻ ነበረች። እኔ ደግሞ የፓምፗን ኒውትራል በጂኤፍሲአይ ብሬከሩ ውስጥ ሳላሳልፍ፣ በቀጥታ ሳጥኑ ውስጥ ካለው የኒውትራል ማሰሪያ ጋር በብሎን አስሬዋለሁ። ለሙቅ ገንዳ የሚሸጠውን 50 አምፔር የጂኤፍሲአይ ሳጥን እንደኔ ለመጥመቂያ የሚጠቀም ሰው ሁሉ ይህን መስመር ደግሞ ቢያነበው ደስ ይለኛል፤ ከብሬከሩ የሚወጣው ነጭ ጥቅል ሽቦ ወደ ማሰሪያው ይሄዳል፣ የዕቃዎቹ ኒውትራል ግን ብሬከሩ ላይ በተለየለት ቦታ ይገባል።

ሽቦውን ካዘዋወሩ በኋላ ለምን እንደሆነ በዓይኔ እንዳይ ፈለጉ። ፓምፗን አብርተው፣ መንጋጋ ያለውን አምፔር መለኪያ በሁለቱ ፌዞች ዙሪያ ብቻ ሲገጥሙት 1.4 አምፔር አሳየ፤ ኒውትራሉን ጨምረው ሦስቱን አንድ ላይ ሲያስገቡት ቁጥሩ ወደ ዜሮ ወረደ። «ብሬከሩም የሚያየው ይህንኑ ነው» አሉኝ፤ «የሄደው በሙሉ ካልተመለሰለት፣ ልዩነቱ 5 ሚሊ አምፔር ያህል ሲደርስ ሰው ይዟል ብሎ ይቆርጣል። አንተ 1.4 አምፔር በጓሮ በር እየመለስክ ብሬከሩን ሌባ ትለዋለህ።» አምስት ወር የለፋሁበት ነገር በአንድ ደቂቃ ገባኝ።

ፓምፗ ሠራች ብዬ ልሸኛቸው ስዘጋጅ፣ ግድግዳው ላይ ያለውን ሶኬት አይተው ቆሙ። ቤታችን የቆየ ስለሆነ የልብስ ማድረቂያው ሶኬት ባለ ሦስት ቀዳዳ ነው፤ ሁለት ፌዝና አንድ ኒውትራል እንጂ ራሱን የቻለ የግራውንድ (ያመለጠ ኤሌክትሪክን በደህና የሚመልስ) ሽቦ የለውም። እኔም ግራውንድ ስላጣሁ የድስቱን አካል ከኒውትራሉ ጋር አስሬው ነበር። ጋሼ ይህን ሲያዩ ስፒናውን ነቅለው በእጃቸው ያዙትና፣ ኒውትራሉ ከሶኬቱ ወደ ኋላ አንድ ቦታ ቢላቀቅ ኤሌክትሪኩ በፓምፗ በኩል ዞሮ ድስቱን በሙሉ እንደሚይዘው፣ የሄደው በብሬከሩ ውስጥ አልፎ ስለሚመለስም ጂኤፍሲአይው ልዩነት እንደማያይና ድስቱን የነካ ሰው ተይዞ ሳለ ዝም እንደሚል አስረዱኝ። የአሜሪካ ብሔራዊ የኤሌክትሪክ ደንብ እ.ኤ.አ. ከ1996 ወዲህ ለአዲስ የማድረቂያ መስመር አራት ሽቦ የሚጠይቀው በዋናነት በዚህ ምክንያት ነው። አዲስ መስመር እስኪዘረጋ ድረስ እንዳልጠምቅ ቃል አስገብተውኝ ሄዱ፤ ስፒናውን ይዘውት ይሄዱ ይሆን ብዬ ሠግቼ ነበር።

ሥራው ያለ ፈቃድ አይሠራም በማለታቸው ከካውንቲው ፈቃድ ወጣ። ባለቤቴ ተቆጣጣሪው መጥቶ ቢራውን ቢያይ ምን ይለናል ብላ ተጨነቀች፤ በቤት ቢራ መጥመቅ ግን ፕሬዚዳንት ካርተር እ.ኤ.አ. በ1978 በፈረሙት ሕግ ከፌዴራል ግብር ነጻ ሆኖ የተፈቀደ ሲሆን፣ ሁለት አዋቂ ያሉበት ቤት በዓመት እስከ 200 ጋሎን መጥመቅ ይችላል። ተቆጣጣሪው መጣ፣ ገመዱንና ብሬከሩን አየ፣ ፈርሞ ሄደ፤ ድስቱን ዞር ብሎም አላየው።

ጋሼ በሁለተኛው ቅዳሜ ጠዋት ሲመጡ ከዋናው ሳጥን እስከ ምድር ቤቱ ባለ 10 ቁጥር፣ አራት ሽቦ ያለው ገመድ በ30 አምፔር ብሬከር ዘርግተው ባለ አራት ቀዳዳ ሶኬት አስቀድመው ገጥመው ነበር። ይህ ቀን ለሙከራ ነበር። ድስቱን 38 ሊትር ውሃ ሞልተን ፒአይዲውን 67 ላይ አስቀመጥነው። ሙቀቱ 67 ሲደርስ የፒአይዲው የውጤት መብራት ጠፋ፤ አምፔር መለኪያው ግን 22.5 ላይ ቆሞ ቀረ። ጋሼ ከኤስኤስአሩ ላይ ሁለቱን ቀጫጭን የትእዛዝ ሽቦዎች በካቻቪቴ ፈትተው ቢያነሷቸውም ቁጥሩ አልተነቃነቀም። ትእዛዝ የሚሰጠው ሳይኖር የሚያበራ ከሆነ፣ ኤስኤስአሩ ውስጡ ተጣብቆ ቀርቷል ማለት ነው። ኤስኤስአር ሲበላሽ አብዛኛውን ጊዜ የሚሆነው እንደዚህ ነው፤ ኤሌክትሪኩን ቆርጦ ሳይሆን እያሳለፈ ይቀራል። ስለዚህ የሰለቸኝን የፒአይዲ ቁጥር ሁሉ ስቀያይር የከረምኩት አድማጭ ለሌለው ነበር።

ለምን እንደተቃጠለም ሳይፈልጉ አላለፉም። ኤስኤስአር ለእያንዳንዱ አምፔር ከአንድ ዋት በላይ ሙቀት ያወጣል፤ በእኔ ፓኔል ይህ ከ25 ዋት በላይ ነው፤ እኔ ደግሞ የሙቀት ማስተላለፊያ ቅባት ሳልቀባ፣ ማቀዝቀዣውን ብረት በተዘጋ ሳጥን ውስጥ አስቀምጬዋለሁ። መለዋወጫ ብዬ ገዝቼ ያስቀመጥኩትን ቀብተው ገጠሙልኝና፣ ማቀዝቀዣው ከሳጥኑ ጀርባ ወደ ውጭ እንዲወጣ ብረቱን ቆርጠው አስተካከሉ። ቀዩ የአደጋ ጊዜ ቁልፍም ፒአይዲውን ብቻ ያጠፋ እንደነበር ስላዩ፣ ሲጫን ኮንታክተሩን አላቆ ሁለቱንም ፌዞች እንዲቆርጥ አድርገው አዘዋወሩት።

የቀረው ሃያ ደቂቃ ቆይቶ የሚመጣው ጣጣ ነበር። ውሃው ከፈላ በኋላ ወንበር ስበው ተቀምጠው ጠበቁ፤ ቡና ተፈላ፣ ሁለተኛው ስኒ ሲቀዳ ብሬከሩ ወረደ። ኤለመንቱን ከፓኔሉ ለይተው በሜገር (ኤሌክትሪክ ወደ ውጭ እንደሚያመልጥ በሚለካ መሣሪያ) ለኩት። ጠዋት ደርቆ ሳለ ከኤለመንቱ እስከ ድስቱ አካል ያለው መከላከያ ከ20 ሜጋ ኦም (20 ሚሊዮን ኦም) በላይ ነበር፤ አሁን ከ20 ሺህ ኦም በታች ወርዷል። በ120 ቮልት ይህ ከ6 ሚሊ አምፔር በላይ ስለሚያሳልፍ ብሬከሩ መውረዱ ተገቢ ነው። የኤለመንቱን የኋላ ሽፋን ሲፈቱት፣ ከላላው የጎማ ማሸጊያ ሥር የገባ ከቀድሞ ጥምቅ የቀረ ጣፋጭ ፈሳሽ ማር መስሎ ተርሚናሉ ላይ ተጣብቆ አገኘነው፤ ድስቱ ሲፈላ በእንፋሎት እየራሰ መንገድ ይሠራ ነበር። ጠርገውና አድርቀው፣ ማሸጊያውን ቀይረው፣ ገመዱም ወደ ታች ዞሮ ከሥር እንዲገባ አደረጉት፤ ከዚያ በኋላ አንድ ሰዓት ሙሉ ሲፈላ ብሬከሩ አልተነቃነቀም።

የሙቀት መለኪያውን ሽቦም በማለፍ አስተካክለውልኛል። መለኪያውን በበረዶ ውሃ ውስጥ ከተው፣ በዜሮ ዲግሪ ሊያሳይ የሚገባው 100 ኦም መሆኑንም አረጋግጠዋል።

ለፓኔሉ ምርመራና ጥገና ያስከፈሉኝ 460 ዶላር ሲሆን፣ አዲሱ መስመርና ፈቃዱ ለብቻው ተቆጥሯል፤ ሁለቱንም ሥራው ሳይጀመር በጽሑፍ ሰጥተውኛል። ጉድለት ልጥቀስ ከተባለ፣ ሥራ ላይ እያሉ ስልክ አያነሱም፣ ሳያዩ ዋጋ አይናገሩም፣ ያሳዘናቸውን የሽቦ አሠራር ሲያዩም ተግሣጻቸው ረጅም ነው። እኔ ተግሣጹን ወድጄዋለሁ፤ እያንዳንዱን ሽቦ በቁጥር ምልክት እንዳደርግ አስገድደውኝ የሄዱት በዚያው መሐል ነው።

ስልካቸውን የምትፈልጉ በግል ጻፉልኝ፤ እርሳቸውን አስፈቅጄ አገናኛችኋለሁ። የመጀመሪያው ጥያቄያቸው ያው «መቼ ነው የሚጠፋው?» ስለሆነ፣ ከመደወላችሁ በፊት የትኛው ማብሪያ ሲበራና ከስንት ደቂቃ በኋላ እንደሆነ በወረቀት ጽፋችሁ ያዙ።